በሻንጣ የመጣ መድኃኒት፣ በሻንጣ የማይመጣ ጥንቃቄ

የዚህ ገጽ ታዳሚዎች ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ውጭ ምንዛሪና ስለ ኑሮ ውድነት የምጽፈውን ስታነቡ ቆይታችኋል። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ካፕሱል ነው። «ይህ ሰው ደግሞ መቼ ሐኪም ሆነ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አልሆንኩም። የዶክትሬት ማዕረጌን ያገኘሁት በሕዝብ አስተዳደር ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማስተምረውም እርሱኑ ነው። በሠፈራችን ግን «ዶክተር» የሚለውን ስም የሰሙ እናቶች የደም ግፊታቸውን ወረቀት ይዘው ወደ ቤቴ መምጣታቸውን አልተዉም፤ እኔም ይቅርታ ጠይቄ ወደ ጤና ጣቢያ እመራቸዋለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የሰፈረው እንደ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይቆጠር አደራ እላለሁ። የመንግሥትን አሠራር ማጥናት ሙያው የሆነ አንድ ሰው፣ እኅቱን ሲያስታምም ያየውና የተረዳው ነው።

ታማሚዋ ታላቅ እኅቴ ናት። ዕድሜዋ 54 ዓመት ሲሆን፣ ወደ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለች። በ2010 ዓ.ም. በግራ ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ኬሞቴራፒ ወሰደች፤ ከዚያም ለዓመታት ታሞክሲፌን ስትውጥ ቆየች። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ወገቧን ያማት ጀመር። በምስል ሲታይ ካንሰሩ ወደ አከርካሪ አጥንቷ ተሠራጭቶ ተገኘ። ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ የፈቀደችልኝ እርሷው ናት። «ስሜን ተወው እንጂ ጻፈው፤ ከእኔ በኋላ የምትመጣዋ ሴት አትደንግጥ» አለችኝ።

«አይድንም» እና «አይታከምም»

በአገራችን የካንሰር ስም የሚጠራው በሹክሹክታ ነው። ደረጃ አራት ነው ከተባለማ ቤተ ሰቡ ለቅሶውን አስቀድሞ ይጀምራል። እውነቱን ለመናገር፣ ወደ ሌላ የአካል ክፍል የተሠራጨ የጡት ካንሰር ዛሬም ቢሆን ከናካቴው ይድናል ተብሎ ተስፋ የሚሰጥበት በሽታ አይደለም። ይሁን እንጂ «አይድንም» የሚለውና «አይታከምም» የሚለው ቃል አንድ አይደሉም። ስኳርም አይድንም፤ ሰው ግን ከስኳር ጋር ልጆቹን አሳድጎ ይድራል። ባለፉት ዐሥር ዓመታት ውስጥ የተሠራጨ የጡት ካንሰር ሕክምናም፣ ቢያንስ ለአንድ ትልቅ የታማሚዎች ክፍል፣ ወደዚህ አቅጣጫ ጥቂት እርምጃ ተራምዷል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ታውቋል፤ 670 ሺህ ያህሉ ደግሞ በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በኢትዮጵያ በሴቶች ላይ ከሚከሰቱት የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ነው፤ በየዓመቱ ከ15 ሺህ በላይ ሴቶች እንደሚያዙ ይገመታል። አብዛኞቹ ወደ ሐኪም የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው።

የጡት ካንሰር ደግሞ አንድ በሽታ አይደለም። የዕጢው ሕዋሳት የኤስትሮጅን ሆርሞን ተቀባይ ካላቸው፣ ሆርሞኑን በመከልከል በሽታውን ማስራብ ይቻላል። ተቀባዩ ከሌላቸው ይህ መንገድ ዝግ ነው። «የአፍሪካውያን ሴቶች ካንሰር ለሆርሞን ሕክምና አይበገርም» የሚል አጠቃላይ ግምት ለረዥም ጊዜ ሲነገር ነበር። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታማሚዎች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሥራ ግን ከግማሽ በላይ የሆኑት ኢትዮጵያውያን ታማሚዎች የኤስትሮጅን ተቀባይ ያለው ዕጢ እንዳላቸው አሳየ። ይህ ለሐኪሞች ብቻ የሚጠቅም ዜና እንዳይመስላችሁ። ከግማሽ በላይ የሆኑት ሴቶቻችን በሚዋጥ መድኃኒት ሊረዱ እንደሚችሉ የሚናገር፣ የበጀት ሰነድ ላይ መግባት የነበረበት ዜና ነው።

ከባሕር ጃርት እስከ ካፕሱል

እኅቴ የምትወስደው መድኃኒት ፓልቦሲክሊብ ይባላል። የዚህ መድኃኒት ታሪክ የሚጀምረው ካንሰርን ከማጥናት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቲም ሃንት የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ የባሕር ጃርት እንቁላል እንዴት እንደሚከፋፈል ሲመለከት፣ በእያንዳንዱ ክፍፍል መጠኑ እየጨመረ መጥቶ ድንገት የሚጠፋ ፕሮቲን አገኘ። ሳይክሊን ተባለ። ሕዋስ መቼ እንደሚከፋፈል የሚወስኑ ቁልፎች እንዳሉ ያሳዩት ሌላንድ ሃርትዌል፣ ፖል ነርስና ሃንት እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ።

ነገሩን በቀላል አማርኛ ላስቀምጠው። ሕዋስ ከመከፋፈሉ በፊት የሚቆምበት ኬላ አለ። ኬላውን ከሚከፍቱት ቁልፎች መካከል ሲዲኬ 4 እና ሲዲኬ 6 የሚባሉ ሁለት ኢንዛይሞች ይገኙበታል። የሆርሞን ተቀባይ ባለው የጡት ካንሰር ውስጥ እነዚህ ቁልፎች ከልክ በላይ ይሠራሉ፤ ኬላው ሌት ተቀን ክፍት ሆኖ ያድራል። ፓልቦሲክሊብ ቁልፎቹን ይይዛል። ሌትሮዞል የሚባለው ሌላው ክኒን ደግሞ ሰውነት ኤስትሮጅን እንዳያመርት ያደርጋል። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ በሽታው ባለበት እንዲቆም፣ አንዳንዴም እንዲያፈገፍግ ያደርጋሉ። መድኃኒቱ «ዒላማ ተኮር» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ፓልቦሲክሊብ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ራይቦሲክሊብ እና አቤማሲክሊብ የተባሉ ሁለት ወንድሞቹ ተከተሉት። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ፣ 666 ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት፣ ሌትሮዞልን ብቻቸውን የወሰዱት በሽታቸው ሳይገፋ የቆየው በአማካይ 14.5 ወራት ሲሆን፣ ፓልቦሲክሊብ የተጨመረላቸው ግን 24.8 ወራት ቆይተዋል። ዕድሜን በማራዘም ረገድ ግን የመጨረሻው ውጤት አስተማማኝ ልዩነት አላሳየም። ራይቦሲክሊብ በዚህ ይበልጠዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው ውጤት መሠረት ራይቦሲክሊብን ከሌትሮዞል ጋር የወሰዱት በአማካይ 63.9 ወራት ሲኖሩ፣ ሌትሮዞልን ብቻ የወሰዱት 51.4 ወራት ኖረዋል።

«ታዲያ እኅትህ ለምን የሚበልጠውን አልወሰደችም?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ሕክምና ነክ አይደለም። ፓልቦሲክሊብ በአሜሪካ ገበያ ላይ ሲወጣ የአንድ ወሩ ዋጋ 9,850 ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የፈጠራ ባለቤትነት መብቱ በሕንድ ሲያበቃ፣ የሕንድ ፋብሪካዎች ተመሳሳዩን እጅግ ባነሰ ዋጋ ማምረት ጀመሩ። እጃችን የደረሰው እርሱ ነበር። የእኅቴን መድኃኒት የመረጠው ሐኪሟ ብቻ አልነበረም፤ ሙምባይ ከሚመላለስ ነጋዴ ዘመዳችን ሻንጣ ጋር የፈጠራ ባለቤትነት ሕግም አብሮ መርጧል።

ሃያ አንድ ቀን፣ ሰባት ቀን

አንባቢዬ ልብ እንዲለው የምፈልገው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል። ካፕሱል ቀላል ይመስላል። መርፌ የለውም፤ አልጋ አያስይዝም፤ ፀጉር እንደ ኬሞቴራፒው አያረግፍም። ስለዚህ ብዙ ሰው «መድኃኒቱ ከተገኘ አለቀ» ብሎ ያስባል። ነገር ግን ይህን መድኃኒት አደገኛ ወይም ደኅና የሚያደርገው በዙሪያው ያለው ጥበቃ ነው።

ፓልቦሲክሊብ የሚወሰደው በቀን አንድ ጊዜ ለ21 ቀናት ነው፤ ከዚያ ለ7 ቀናት ይቋረጣል። ሌትሮዞሉ ግን በየቀኑ ይቀጥላል። ከመጀመሩ በፊት የደም ሕዋሳት ቆጠራ ይደረጋል፤ በየዙሩ መጀመሪያ ይደገማል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ደግሞ በ15ኛው ቀን ላይም ይታያል። ምክንያቱም መድኃኒቱ የሚይዛቸው ቁልፎች በመቅኔ ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚያመርቱ ሕዋሳትም የሚጠቀሙባቸው ናቸው። ቀደም ሲል በጠቀስኩት ጥናት 66.4 ከመቶ በሚሆኑት ታማሚዎች ላይ ኒውትሮፊል የሚባሉት፣ ተሕዋስያንን የሚዋጉት ነጭ ሕዋሳት በከፍተኛ ደረጃ ቀንሰዋል። ከትኩሳት ጋር የተያያዘው አደገኛው ዓይነት ግን የታየው በ1.8 ከመቶዎቹ ላይ ብቻ ነው። ኬሞቴራፒ ሕዋሳቱን ይገድላል፤ ይህኛው በአብዛኛው ያስቆማቸዋል፤ የሰባቱ ቀን ዕረፍት ሲሰጥ ተመልሰው ይነሣሉ። ይህ እንግዲህ የሚሆነው ቆጠራው በጊዜው ከተደረገና ዕረፍቱ ከተከበረ ነው።

በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ ላይ የእኅቴ ኒውትሮፊል ከ1000 በታች ወረደ። ሐኪሟ «አንድ ሳምንት እናቆየዋለን፤ ከዚያ ደሙን ደግመን እናየዋለን» አሉ። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ አለቀሰች። «ይህን ያህል ሰው ተቸግሮ ያመጣልኝን መድኃኒት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጬ ልየው?» አለች። «እትዬ፣ ማቆየቱም የሕክምናው ክፍል ነው ብለውሻል እኮ» አልኳት። በሳምንቱ ቁጥሩ ተመለሰ፤ በነበረው መጠን ቀጠለች። በኋላም መጠኑ ከ125 ሚሊግራም ወደ 100 ሲወርድላት «ተስፋ ቆረጡብኝ ማለት ነው?» ብላ ጠይቃ ነበር። መጠን መቀነስ አስቀድሞ በመመሪያው የተጻፈ እርምጃ ነው፤ ከ125 ወደ 100፣ ከዚያም ወደ 75። ይህን የሚያስረዳ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ ካፕሱሉን ደብቃ ትውጥ እንደነበር ራሷ ነግራኛለች። እንግዲህ አስቡት፤ መድኃኒቱን ያገኙ፣ የሚያስረዳቸው ሰው ግን ያላገኙ ሴቶች ስንት ይሆናሉ?

ሌላው ነገር ጾም ነው። ካፕሱሉ ከምግብ ጋር መወሰድ አለበት፤ በባዶ ሆድ ሲወሰድ በአንዳንዶች ሰውነት ውስጥ በበቂ መጠን አይገባም። እኅቴ ደግሞ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ከልጅነቷ ጀምሮ ለምዳዋለች። የንስሐ አባቷ «ታማሚ ጾም የለባትም» አሏት፤ እርሷ ግን አልዋጥልሽ አላት። መፍትሔውን ያገኙት ሐኪሟ ናቸው፤ ሰዓቱን ወደ ማታ አዛወሩላት፤ ከእራት ጋር፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት። ጠበል ጠጥታ ያስታወከች ቀንም «ካፕሱሉ ወጥቶ ይሆናል» ብላ ሌላ ልትደግም ነበር፤ መመሪያው ግን ያስታወከ ወይም የረሳ ሰው በዚያ ቀን ሌላ እንዳይጨምር፣ በማግስቱ በሰዓቱ እንዲቀጥል ያዛል። ከኢትዮጵያ ሴት ሕይወት ጋር የተያያዙ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች በመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ በእንግሊዝኛ በታጠፈው ወረቀት ላይ አይገኙም።

ሦስተኛው ለሞት የሚያደርስ ሊሆን ይችል ነበር። ባለፈው ዓመት ጨጓራዋን አሟት ስሙን ወደማልጠቅሰው አንድ የግል ክሊኒክ ሄደች። ኤች ፓይሎሪ ተገኘባት፤ ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ሦስቱ መድኃኒቶች ታዘዙላት፤ ከመካከላቸው አንዱ ክላሪትሮማይሲን ነበር። «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ብሎ የጠየቃት የለም። ክላሪትሮማይሲን ጉበት ፓልቦሲክሊብን የሚያስወግድበትን ኢንዛይም ያግዳል፤ ያኔ ካፕሱሉ አንድ ሆኖ ሳለ በደሟ ውስጥ ያለው መጠን ይከማቻል። በዚሁ መንገድ የሚሠራው ኢትራኮናዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒት ሲፈተን፣ በደም ውስጥ ያለውን የፓልቦሲክሊብ መጠን በ87 ከመቶ ከፍ አድርጎታል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ በ85 ከመቶ ያወርደዋል፤ መድኃኒቱ እየተዋጠ እንዳልተዋጠ ይሆናል። ነቀርሳ ባልጠፋባት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እኅቴን ያዳናት ሐኪሟ በእጅ ጽፈው የሰጧት፣ በቦርሳዋ የማይለያት አንድ ካርድ ነው። መድኃኒት ቤት ውስጥ ካርዱን ስታሳይ ባለሙያዋ ክላሪትሮማይሲኑን አልሸጥም አለች፤ ስልክ ተደወለ፤ ትእዛዙ ተለወጠ። አንዲት ጠንቃቃ የመድኃኒት ቤት ባለሙያና አንድ ቁራጭ ካርቶን!

ልኬቱ የማን ነው?

እንደ ማኅበራዊ ሳይንስ ሰው ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝን ነገር ላንሣ። እኅቴ መድኃኒቱን ገና ሳትጀምር በተሠራላት የደም ምርመራ ላይ፣ ከኒውትሮፊል ቁጥሯ ጎን «ዝቅተኛ» የሚል ምልክት ነበር። ታማ አይደለም፤ ኢንፌክሽንም የለባትም። ሐኪሟ ፈገግ ብለው «የእኔም እንዲሁ ነው» አሏት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ባሉ ብዙ ሰዎች ዘንድ ከቀይ የደም ሕዋስ ላይ ደፊ የሚባለው ምልክት የለም። ይህ ዘረ መል አንዱን የወባ ዓይነት፣ ቪቫክስን፣ ለመከላከል የሚረዳ ውርስ ነው። ከእርሱ ጋር ተያይዞ በደም ውስጥ የሚቆጠረው የኒውትሮፊል ቁጥር ዝቅ ይላል፤ ሰውየው ግን ጤነኛ ነው። በእስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ላይ ይኸው ተፈጥሯዊ ዝቅታ ከብዙ ዓመታት በፊት ጀምሮ ተመዝግቧል። የላቦራቶሪው «ትክክለኛ» ልክ ግን በአብዛኛው የተወሰደው ከአውሮፓውያን ደም ነው። ስለ እነዚህ መድኃኒቶች የተደረጉት ትላልቅ ጥናቶችም ታማሚ የሚቀበሉት ኒውትሮፊሉ ከ1500 በላይ ከሆነ ነበር። በተፈጥሮዋ ከዚያ በታች የሆነች ጤነኛ አፍሪካዊት ከበሩ ትመለሳለች ማለት ነው። ከዚያም መድኃኒቱ ወደ አገሯ ሲመጣ፣ እርሷ ባልተካተተችበት ጥናት በወጣ ልኬት ትመዘናለች፤ ሳያስፈልግ ይቋረጥባታል፤ ወይም ሳያስፈልግ ይቀነስባታል። በአሜሪካ በጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ላይ የተደረገ አንድ አነስተኛ ጥናት መድኃኒቱን ከትኩሳት ጋር የተያያዘ አደጋ ሳይደርስባቸው እንደወሰዱ አሳይቷል። ይህ ማለት ቁጥሩ ሲወርድ ችላ ይባል ማለት አይደለም። ከመድኃኒቱ በፊት የነበረው የታማሚዋ የራሷ ቁጥር ይታወቅ፤ መዝገቧ ላይ ይጻፍ፤ ሐኪሙም ወረቀቱ ላይ ያለውን ምልክት ብቻ ሳይሆን ሴቲቱን ይመልከት ማለት ነው።

ለታማሚና ለአስታማሚ

ብዙ ወዳጆቼ ተመሳሳይ ጥያቄ ስለሚያቀርቡልኝ፣ ከሐኪሟ የተማርነውን በአጭሩ ላስፍር፦

1. የዕጢው የሆርሞን ተቀባይና ኸር 2 የሚባለው ፕሮቲን ሳይመረመር ይህ መድኃኒት አይጀመርም። ለሁሉም የጡት ካንሰር አይሆንም።

2. ሙቀት 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ብርድ ብርድ ካለ፣ እስከ ነገ መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው። አዲስ የትንፋሽ ማጠርና ደረቅ ሳልም እንዲሁ፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2019 ሦስቱም መድኃኒቶች አልፎ አልፎ ሳንባን ሊያስቆጡ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል።

3. ሦስቱ ወንድማማቾች አንድ አይደሉም። ራይቦሲክሊብ የልብን የኤሌክትሪክ ምት ሊያዛባ ስለሚችል ከመጀመሩ በፊትና ከተጀመረ በኋላ ኢሲጂ ያስፈልገዋል፤ የጉበት ምርመራም እንዲሁ። ከታሞክሲፌን ጋር አይሰጥም፤ ለወባ የምንወስደው ክሎሮኪንም አይስማማውም። አቤማሲክሊብ ያለ ዕረፍት በየቀኑ ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ሲሆን፣ ብርቱ ተቅማጥ ያስከትላል። የአንዱን መመሪያ ለሌላው ማዋል አይገባም።

4. ግሬፕፍሩት ይቅር። የባህል መድኃኒት የሚወስድ ሰው አይፈር፤ አይደብቅም፤ ለሐኪሙ ይናገር። ቁጥሩ በወረደበት ወቅት ጥሬ ሥጋ አይቅረብ።

5. ዕድሜዋ ለመውለድ የደረሰች ሴት በሕክምናው ጊዜ ማርገዝ የለባትም።

6. የምትወስዷቸው መድኃኒቶች ዝርዝር በወረቀት ተጽፎ በቦርሳ ይኑር።

ፖለቲካው የቱ ላይ ነው?

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። የእኅቴ ሕክምና እስከ ዛሬ የቆመው በሦስት ምሰሶዎች ላይ ነው፤ በወንድሞችና በእኅቶች መዋጮ፣ በአንድ ነጋዴ ሻንጣ እና በአንዲት ሐኪም ትጋት። ሦስቱም የመንግሥት አሠራር አይደሉም። ሦስቱም ከአንድ ቀን ወደ ሌላው ሊፈርሱ ይችላሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር ሲያልፍ፣ መዋጮአችን በአንድ ጊዜ ተናጋ። ሌላ ጊዜ ደግሞ የነጋዴው ዘመዳችን ጉዞ ስለዘገየ የሰባቱ ቀን ዕረፍት አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ይህ ዓይነቱን ዕረፍት ያዘዘ ሐኪም የለም፤ ያዘዘው የአውሮፕላን ቲኬት ነው። በዚያ ላይ ሻንጣ ውስጥ የመጣው ካርቶን እውነተኛ ይሁን አስመስሎ የተሠራ፣ በመንገድ ላይ ምን ያህል ሙቀት እንደደረሰበት ማን ያረጋግጥልናል?

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለሕዝብ ጤና፣ ትምህርትና ሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ ሕገ መንግሥት ሌሎች አንቀጾች ብዙ ደም ፈስሷል፤ ብዙ ቀለምም ፈስሷል። ስለ አንቀጽ 41 ግን አንድም ሰልፍ ሲደረግ አላየሁም።

«ድሃ አገር ናት፤ ለካንሰር እንዲህ ያለ ቅንጦት አንችልም» የሚለውን መከራከሪያ አውቀዋለሁ። ከሃያ ዓመት በፊትም ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የተባለው ይኸው ነበር። ያን ጊዜ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ለገንዘብ ላለው፣ ዘመድ ውጭ ላለው ብቻ የሚደርስ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በነፃ መሰጠት ሲጀምር ግን ክኒኑ ብቻውን አልመጣም፤ የሲዲ 4 ቆጠራ፣ የምክር አገልግሎት፣ የመዝገብ አያያዝ፣ ታማሚውን ቤቱ ድረስ የሚከታተል ሰው ተከትለውት መጡ። በሕይወት የተረፉት ወገኖቻችን የዳኑት በዚያ ሥርዓት ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው የውጭ መሆኑ እውነት ነው፤ የአሜሪካ እርዳታ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በድንገት ሲታገድ ያ ጥገኝነት ምን እንደሚያስከትል አይተናል። ሆኖም የሙያው ልምድ፣ የመዝገቡ ልምድ፣ ታማሚን የመከታተሉ ልምድ በእጃችን አለ። ከዜሮ አንጀምርም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሰማይ ጠቀስ ሆስፒታል አይደለም። የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ በየክልሉ ቢያንስ በአንድ ሆስፒታል ሳይቋረጥ ይሠራ። የደም ሕዋሳት ቆጠራ መሣሪያው በኬሚካል እጥረት የሚቆምበት ጊዜ ያብቃ። የፈጠራ ባለቤትነት መብታቸው ያለፈባቸውን መድኃኒቶች መንግሥት በጅምላ ገዝቶ፣ ጥራታቸውን አስመርምሮ ያቅርብ፤ ሻንጣው ይረፍ። የካንሰር ታማሚ ሁሉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን የተጻፈ የመድኃኒት ካርድ ይኑራት። የሕክምና ትምህርት ቤቶቻችንም የራሳችን ሰው ጤነኛ ኒውትሮፊል ስንት እንደሆነ አጥንተው ለላቦራቶሪዎቻችን የራሳችንን ልኬት ይስጡ። ከእነዚህ ውስጥ በምንዛሪ እጥረት የሚሳበብበት ከሁለት አይበልጥም፤ የተቀሩት ፈቃድና አደረጃጀት ብቻ የሚጠይቁ ናቸው።

እኅቴ ዛሬ አሥራ አራተኛ ዙሯ ላይ ናት። የአጥንቷ በሽታ ባለበት ቆሟል፤ የወገቧ ሕመም ቀንሷል፤ ጡረታ ሳትወጣ ወደ ክፍሏ ተመልሳለች። ይህ ሁኔታ ስንት ወር እንደሚቆይ አላውቅም፤ እርሷም አታውቅም። የምናውቀው እያንዳንዱ ወር በአጋጣሚ ሳይሆን በሥርዓት መገኘት እንዳለበት ነው። ዘመድ የሌላት፣ ካርድ የሌላት፣ ክላሪትሮማይሲኑን አልሸጥም የሚላት ባለሙያ ያልገጠማት ሴትም ይህች አገር አገሯ ናት።

ቸር ይግጠመን።